ጀበናዋ ለምን አልሞቀችም? ማግኔታዊ ኢንዳክሽን ከምድጃ እስከ ስልክ ቻርጀር

የዛሬው ጽሑፍ መነሻው ኮድ አይደለም፤ ቡና ነው።

እዚህ ስዊድን አዲስ ቤት ተከራይቼ በገባሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እናቴ የላከችልኝን ጀበና ውሃ ሞልቼ ምድጃው ላይ ጣድኩ። ምድጃው ልሙጥ ጥቁር መስታወት ነው። ላዩ ላይ አራት ክቦች ተስለውበታል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ማብሪያውን ስነካው ጢጥ አለና አንድ ምልክት ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ቆይቶ ራሱን አጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ጀበናዋን አንስቼ የብረት መጥበሻ ሳስቀምጥበት ግን ዘይቱ ወዲያው ጋለ።

ለእማዬ ደውዬ "ምድጃው ጀበናሽን አላውቃትም አለ" አልኳት። ስቃ ስታበቃ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ "እሳቱ ታዲያ የት ነው ያለው?"

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለሁ የፋራዳይን ሕግ ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ቀመሩን ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። የእናቴን ጥያቄ ግን መመለስ አልቻልኩም። "በማግኔት ነው የሚሠራው" ብዬ አለፍኩት።

አለማወቄ ዋጋ አስከፈለኝ። በማግስቱ በምድጃውና በጀበናዋ መካከል የሚገባ ክብ የብረት ዝርግ ገዛሁና ጀበናዋን እላዩ አስቀምጬ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ጥቂት ደቂቃ እንደቆየ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጀበናዋ ከመቀመጫዋ እስከ ሆዷ ተሰንጥቃ ውሃው ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ያቺ ጀበና በነጠላ ተጠቅልላ፣ በሰው እጅ ከአገር ቤት የመጣች ናት።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከመሠረቱ ተማርኩት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። እስከ መጨረሻው ከተከታተላችሁኝ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን የስልክ ቻርጀራችሁን፣ የባንክ ካርዳችሁንና የመንደሩን ትራንስፎርመር በአንድ ሐሳብ ትረዷቸዋላችሁ።

ያመለጠው ሰውና ያላመለጠው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1820 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አስተዋለ። ኤሌክትሪክ ማግኔት ይፈጥራል ማለት ነው። ወዲያው የተገላቢጦሹ ጥያቄ መጣ፦ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል?

በ1825 ዣን ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ተመራማሪ ይህን ሊፈትሽ ተነሳ። ጥቅል ሽቦ አዘጋጀ፤ ከመለኪያ ጋር አገናኘው፤ ማግኔት ወደ ጥቅሉ አስገባ። ማግኔቱ የመለኪያውን መርፌ በቀጥታ ስቦ እንዳያሳስተው ስለሰጋ መለኪያውን በረጅም ሽቦ አድርጎ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ማግኔቱን ካስገባ በኋላ ሊያይ ወደዚያኛው ክፍል ሲሄድ መርፌው ዜሮ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

ፕሮግራመሮች ስህተቱን ወዲያው ታውቁታላችሁ። ኮላዶን ክስተቱ አልፎ ካበቃ በኋላ ደርሶ "አሁን ሁኔታው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ። መርፌው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን ማግኔቱ በሚገባበት ቅጽበት ብቻ።

ማይክል ፋራዳይ የአንጥረኛ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ሳይንስን የተማረ ሰው ነው፤ ሒሳብ ብዙም አያውቅም። ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ በአንድ የብረት ቀለበት ሁለት ጎኖች ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ፣ ሌላውን ከኮምፓስ መርፌ አጠገብ ከሚያልፍ ሽቦ ጋር አያያዘ። ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌው ተወዛወዘና ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው እንደተገናኘ እስካለ ድረስ ምንም የለም። ሲያላቅቀው መርፌው እንደገና ተወዛወዘ።

ጠቅላላው ትምህርት እዚህ ውስጥ አለ። ከረንት የሚፈጥረው የማግኔት መኖር አይደለም፤ የማግኔት መለወጥ ነው። እጅግ ኃይለኛ ማግኔት ጥቅል ሽቦ ውስጥ ለመቶ ዓመት ብታስቀምጡ አንዲት ትንሽ አምፖል እንኳ አታበሩበትም። ደካማውን ማግኔት ግን ብታስገቡና ብታወጡት ከረንት ታገኛላችሁ።

ፍላክስ ማለት ምንድን ነው?

"ለውጥ" ካልን "የምን ለውጥ?" ብለን መጠየቅ አለብን። መልሱ ፍላክስ ነው፤ በአንድ የሽቦ ቀለበት ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ መጠን።

ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ወጥታችሁ ወንፊት ዘረጋችሁ እንበል። በወንፊቱ የሚያልፈውን ውሃ ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ የዝናቡ ጥንካሬ፣ የወንፊቱ ስፋትና ወንፊቱን የያዛችሁበት አቅጣጫ። አግድም ብትይዙት ብዙ ያልፋል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት ምንም አያልፍም። ፍላክስም እንደዚሁ በመስኩ ጥንካሬ፣ በቀለበቱ ስፋትና በቀለበቱ አቅጣጫ ይወሰናል። አንድ ልዩነት አትርሱ፤ ዝናብ ይፈስሳል፣ የማግኔት መስክ ግን ከቦታ ቦታ የሚፈስ ነገር አይደለም። ምሳሌው ለመቁጠሪያ ብቻ ያገልግለን።

እንግዲህ ፍላክስን ለመለወጥ ሦስት መንገዶች አሉን ማለት ነው። ማግኔቱን ማቅረብና ማራቅ ወይም ጥንካሬውን መቀያየር አንዱ ነው። የቀለበቱን ስፋት መለወጥ ሁለተኛው ነው። ማዞር ሦስተኛው ነው። የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚጠቀመው ሦስተኛውን ነው። በዓባይ ግድብ ውሃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ በጥቅል ሽቦዎች መሃል ማግኔት ያዞራል፤ ፍላክሱ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል። የግድቡ ውሃ ስሌት ሁሉ መጨረሻው አንድን ማግኔት ሳያሰልሱ ማዞር ነው።

ሕጉን በኮድ እንጻፈው

የፋራዳይ ሕግ እንዲህ ይላል፦ የሚፈጠረው ቮልቴጅ የጥቅሉ ዙር ብዛት ሲባዛ በፍላክስ ለውጥ፣ ሲካፈል ለውጡ በፈጀው ጊዜ ነው። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። የሚከተለው ግን ለማንም ቋንቋ ያልተወሰነ ንድፍ ነው፦

ዙር = 100
የቀድሞ_ፍላክስ = 0
በየ 0.1 ሰከንዱ፦
    የአሁን_ፍላክስ = ፍላክስ_ለካ()
    ለውጥ = የአሁን_ፍላክስ − የቀድሞ_ፍላክስ
    ቮልቴጅ = −ዙር × ለውጥ ÷ 0.1
    አሳይ(ቮልቴጅ)
    የቀድሞ_ፍላክስ = የአሁን_ፍላክስ

ተመልከቱ፤ ቮልቴጁ የሚሰላው ከለውጡ እንጂ በቀጥታ ከአሁኑ ፍላክስ አይደለም። ኮድ ስትገመግሙ ጠቅላላ ፋይሉን ትታችሁ ልዩነቱን ብቻ እንደምታዩት ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። የጥቅላችን ቀዳዳ ስፋት 10 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.001 ስኩዌር ሜትር ይሁን። በቀዳዳው ውስጥ ማግኔቱ የሚሰጠን መስክ 0.1 ቴስላ ይሁን። ሁለቱ ሲባዙ ፍላክሱ 0.0001 ዌበር፣ ማለትም 0.1 ሚሊዌበር ይሆናል። ማግኔቱን በሁለት እርምጃ አስገብተን፣ ትንሽ አቆይተን፣ በአንድ እርምጃ ሳብ አድርገን እናውጣው፦

በ0.1 ሰከንድ፦ ፍላክስ 0.05 ሚሊዌበር፣ ቮልቴጅ −0.05 ቮልት
በ0.2 ሰከንድ፦ ፍላክስ 0.10 ሚሊዌበር፣ ቮልቴጅ −0.05 ቮልት
በ0.3 ሰከንድ፦ ፍላክስ 0.10 ሚሊዌበር፣ ቮልቴጅ 0
በ0.4 ሰከንድ፦ ፍላክስ 0.10 ሚሊዌበር፣ ቮልቴጅ 0
በ0.5 ሰከንድ፦ ፍላክስ 0፣ ቮልቴጅ +0.10 ቮልት

ሦስት ነገር አስተውሉ። በ0.3 እና በ0.4 ሰከንድ ፍላክሱ ከፍተኛ ነው፤ ቮልቴጁ ግን ዜሮ ነው። ኮላዶን መለኪያውን ያየው በዚህ ሰዓት ነበር። ሁለተኛ፣ ስናወጣ ፍጥነታችንን እጥፍ ስላደረግን ቮልቴጁም እጥፍ ሆነ። ሦስተኛ፣ ስናስገባና ስናወጣ ምልክቱ ተገለበጠ። ማግኔቱን በ0.01 ሰከንድ ውስጥ ብንነጥቀው ደግሞ 1 ቮልት እናገኝ ነበር። ፍጥነት ቮልቴጅ ይገዛል፤ ይህን ያዙት፣ ምድጃው ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የመቀነስ ምልክቷ ምስጢር

ተማሪ ሳለሁ የመቀነስ ምልክቷን ብረሳ ግማሽ ማርክ ይቀነስብኝ ነበር። ለምን እንዳለች ግን ጠይቄ አላውቅም።

በ1834 ሃይንሪክ ሌንዝ ያስቀመጠው ደንብ ነው፦ የሚፈጠረው ከረንት ሁልጊዜ የፈጠረውን ለውጥ ይቃወማል። ማግኔት ስታቀርቡ ጥቅሉ ራሱ ማግኔት ሆኖ ይገፋችኋል። ስታርቁ ደግሞ ይጎትታችኋል።

ባይቃወም ምን ይሆን ነበር? ጥቅሉ ማግኔቱን የሚስብ ቢሆን ትንሽ ገፋ ስናደርገው ከረንት ይፈጠራል፤ ከረንቱ ማግኔቱን የበለጠ ይስባል፤ ማግኔቱ ፈጥኖ ተጨማሪ ከረንት ይፈጥራል፤ እንዲህ እያለ ከምንም ተነስቶ ጉልበት ይበዛ ነበር። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ብድር አትሰጥም። የመቀነስ ምልክቷ የሒሳብ ደብተሩ ጠባቂ ናት።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ኃይለኛ ማግኔት በመዳብ ቱቦ ውስጥ ብትለቁት፣ መዳብ በማግኔት የማይሳብ ቢሆንም፣ ማግኔቱ ማር ውስጥ እንደገባ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲወርድ በቱቦው ግድግዳ ላይ ክብ እየሠራ የሚዞር ከረንት ይፈጥራል፤ ከረንቱም መውረዱን ይቃወማል። በብረት ውስጥ እንዲህ እንደ ውሃ አዙሪት የሚሽከረከረውን ከረንት የአዙሪት ከረንት እንበለው።

የድሮ ብስክሌት ዲናሞ የነዳችሁም ታውቁታላችሁ፤ መብራቱ ሲበራ ፔዳሉ ይከብዳል። ብርሃኑ የሚወጣው ከእግራችሁ ጉልበት ነው። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "ማግኔትና ሽቦ ብቻ፣ ያለ ነዳጅ ለዘላለም መብራት" የሚሉ ቪዲዮዎች ሲያጋጥሟችሁ ይህችን ምልክት አስታውሱ። አምፖሉ ከረንት በወሰደ ቁጥር ማግኔቱ ይያዛል፣ ይቆማልም። ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀ ባትሪ ፈልጉ፤ ገንዘባችሁን ግን አታውጡ።

ወደ ምድጃው እንመለስ

ከዚያ ጥቁር መስታወት ሥር ያለው ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ሄርዝ እንለዋለን። ምድጃው መጀመሪያ ይህን ወደ ቀጥተኛ ከረንት ይለውጠዋል። ከዚያ ትራንዚስተሮች እጅግ በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ በጥቅሉ ውስጥ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚመላለስ ከረንት ያሳልፋሉ። ፍጥነት ቮልቴጅ ይገዛል ያልነው ይሄው ነው። ፍላክሱ በዚህ ፍጥነት ሲለዋወጥ፣ ከላይ በተቀመጠው ብረት ውስጥ ኃይለኛ የአዙሪት ከረንት ይነሳል። ከረንቱ ብረቱ ውስጥ መንገድ ሲጠብበው ወደ ሙቀት ይለወጣል።

እንግዲህ የእናቴ ጥያቄ መልስ ተገኘ። እሳቱ ምድጃው ላይ የለም። እሳቱ ድስቱ ውስጥ ነው። መስታወቱ ራሱ የሚሞቀው ከድስቱ በተመለሰ ሙቀት ነው።

ጀበናዋስ? ሸክላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ፍላክሱ በእርግጥ በጀበናዋ ውስጥ አልፎ ነበር፤ ግን የሚዞር ከረንት ሊኖር የሚችልበት መንገድ የለም። ከረንት ከሌለ ሙቀት የለም። ምድጃው ድስት መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ትንሽ ከረንት ልኮ "ጉልበቴን የሚወስድ ነገር አለ?" ብሎ በመፈተሽ ነው። ጀበናዋ ምንም ስላልወሰደች ባዶ መሰለውና ራሱን አጠፋ። ለእማዬ በቀልድ ያልኳት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በርግጥም አላወቃትም።

"ታዲያ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የአሉሚኒየም ድስት ለምን አይሠራም?" የምትሉ ጎበዞች ትኖራላችሁ። በከፍተኛ ፍጥነት የሚመላለስ ከረንት ወደ ብረት ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ በገጹ ብቻ ይሄዳል። በዚህ የምድጃ ፍጥነት በብረት ውስጥ የሚጠቀመው ውፍረት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በአሉሚኒየም ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያም ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየም ከብረት የተሻለ አስተላላፊ ነው። ስለዚህ ከረንቱ በብረት ውስጥ በጠባብና ወጣ ገባ መንገድ እየተጋፋ ያልፋል፤ ብዙ ይሞቃል። በአሉሚኒየም ውስጥ ሰፊና ልሙጥ መንገድ ስለሚያገኝ ሳይለፋ ያልፋል፤ ሙቀቱ ጥቂት ነው። አብዛኛው የቤት ምድጃ ይህን ሲያይ አልቀበልም ይላል። ለዚህ ነው ድስት ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ የሚባለው። ከታች በደንብ ከተጣበቀ ይሠራል።

የብረት ዝርጉ ለምን ጀበናዬን ሰነጠቀ?

ስህተቴ አሁን ግልጽ ነው። ዝርጉ ለምድጃው እንደ ማንኛውም ድስት ነው፤ በፍጥነት ጋለ። ድስት ሲሆን ውሃው ብረቱን በቀጥታ ስለሚነካ ሙቀቱን ይወስድለታል። ዝርጉ ላይ ያለችው ግን ሸክላ ናት። መቀመጫዋ ጠፍጣፋ ቢሆንም ፍጹም ልሙጥ ስላልሆነ ዝርጉን የምትነካው በጥቂት ነጥቦች ነው፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም። ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ዝርጉ እየጋለ ሄደ። የጀበናዋ ታች በአንድ ጊዜ ሲሞቅና ሲለጠጥ ሆዷ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ሸክላ እንዲህ ያለ መጎተት አይችልም።

ከሰልና የኢንዳክሽን ምድጃ የሚለዩት በዚህ ነው። የከሰል ሙቀት ጀበናዋን ዙሪያዋን አቅፎ ቀስ በቀስ ነው የሚያሞቃት። ዝርጉን በዝቅተኛ ኃይል፣ በትዕግሥት መጠቀም ይቻላል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ የኢንዳክሽን ጥቅሙም ይጠፋል። የሚሻለው በሙቀት ሽቦ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ መግዛት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሸክላ ሆኖ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ሽቦ ራሱ ይግላል እንጂ ሸክላው ከረንት እንዲሸከም አይጠበቅበትም።

በኪሳችሁ ያለው ኢንዳክሽን

ይህን ከተረዳችሁ ያለ ገመድ የሚሞላ ስልክ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም። ቻርጀሩ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ጥቅል፣ ስልኩ ውስጥ ሌላ ጥቅል አለ። የፋራዳይ ሁለት ጥቅሎች ናቸው፤ የብረት ቀለበቱ ቀርቶ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት አለ። ቺ የሚባለው የጋራ ደረጃ በተለመደው አሠራሩ ከ100 እስከ 200 ኪሎሄርዝ አካባቢ ይሠራል። ስልኩን ከመሃል ፈቀቅ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት ቀስ ብሎ የሚሞላውና የሚግለው በስልኩ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ፍላክስ ስለሚቀንስ ነው። በመካከል ቁልፍ ወይም ሳንቲም ከገባ ደግሞ እሱ ድስት ይሆናል፤ የአዙሪት ከረንት ያሞቀዋል። ጥሩ ቻርጀር የጠፋውን ኃይል አስልቶ "ባዕድ ነገር አለ" ብሎ ያቆማል።

ለፕሮግራመሮች ግን ከሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው። ስልኩና ቻርጀሩ በዚያው ኃይል በሚተላለፍበት መስክ ይነጋገራሉ። ስልኩ የሚወስደውን ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቻርጀሩ በራሱ ጥቅል ላይ ለውጡ ይሰማዋል። ሌንዝን አስታውሱ፤ የሁለተኛው ጥቅል ከረንት የመጀመሪያውን ይቃወማል። ስልኩ በዚህ ዘዴ በሰከንድ 2,000 ቢት ያህል እየላከ "ጨምር"፣ "ቀንስ"፣ "በቃኝ" ይላል። ዘገምተኛ ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ወሬ ይበቃል።

የባንክ ካርዳችሁም ባትሪ የላትም። ወደ መክፈያው ማሽን ስትጠጋ፣ ማሽኑ በ13.56 ሜጋሄርዝ የሚለዋውጠው መስክ በካርዷ ዳር ዳር በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ ከረንት ይፈጥራል። ያ ከረንት ቺፑን ቀስቅሶ ያሠራዋል፤ ቺፑም ልክ እንደ ስልኩ ጭነቱን እየለዋወጠ ይመልሳል። ኤን ኤፍ ሲ የምንለው ይህ ነው።

ወደ አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩ

ትራንስፎርመርም ያው የፋራዳይ ቀለበት ነው። የቮልቴጁ መጠን የዙሮቹን መጠን ይከተላል፤ 220 ቮልትን ወደ 110 ለማውረድ በመጀመሪያው ጥቅል ከሁለተኛው እጥፍ ዙር ይጠመጠማል። ከግድቡ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ከተማ ሲጓዝ ቮልቴጁ በጣም ከፍ የሚደረገውም በዚሁ መሣሪያ ነው። ቮልቴጁ 10 እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ አንድ መቶኛ።

አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ይጠቀማሉ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የውሃ ማፍያ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ቢሰካ ከተሠራለት ኃይል ከ3 እጥፍ በላይ ይወስዳል፤ ይቃጠላል። ስለዚህ ሦስት ነገር አትርሱ። የዕቃው መለያ ላይ "100–240 ቮልት" የሚል ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ካስፈለገው የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት። በመጨረሻም ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ይለውጣል እንጂ ሄርዝ አይለውጥም፤ ፍጥነታቸው በሄርዙ የሚወሰን ሞተሮችና ሰዓቶች ቀስ ይላሉ።

ትራንስፎርመርን ከባትሪ ጋር ብታገናኙትስ? እስካሁን የተከታተለኝ ሰው መልሱን ያውቃል። ስታገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ለውጥ ስለሌለ በወዲያኛው በኩል ምንም የለም።

ቤታችሁ ሞክሩት

ልባስ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በወረቀት ቱቦ ላይ 100 ወይም 200 ዙር ጠምጥሙ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ፍቃችሁ ሚሊ ቮልት ከሚለካ መልቲሜትር ጋር አገናኙ። ማግኔት አስገቡ፣ አቁሙ፣ አውጡ። ሲቆም ዜሮ፣ ሲወጣ የተገለበጠ ምልክት ታያላችሁ። ዲጂታል መልቲሜትር ቀርፋፋ ስለሆነ ከፍተኛውን ቁጥር ሊያመልጠው ይችላል፤ ባለ መርፌ ካገኛችሁ ይሻላል። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ግን ምንም እንዳታገናኙ። ኃይለኛ ማግኔቶችን ደግሞ ከሕፃናትና የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካላቸው ሰዎች አርቁ።

እኔ ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ለእማዬ ደወልኩ። "እማዬ፣ እሳቱ ድስቱ ውስጥ ነው ያለው" አልኳት። "ምድጃው ራሱ እሳት የለውም፤ ብረት ሲያገኝ ብረቱን ራሱን እሳት ያደርገዋል። ሸክላ ግን አይሰማውም።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እንግዲያው ለጀበናዋ የራሷን እሳት ግዛላት" አለችኝ። ገዛሁ። ሁለተኛዋ ጀበና እንደ ፊተኛዋ በነጠላ ተጠቅልላ መጥታለች፤ እስካሁን ደህና ናት።